በመመሪያ የመነመነ እግር

ገርባ ነጋሳ ግራ እግሩን ያጣው በአደጋ አይደለም። በአደጋው የተሰበረው አጥንት በሦስት ወር ገጥሞ ነበር። እግሩን ያጣው፣ እንዲንቀሳቀስ ከሐኪም ቤት የታዘዘውን ሰው የሚሠራበት እርሻ ከስድስት ወር በላይ አስተኝቶ ስላቆየው ነው። ከዚያም ያው እርሻ «የታዘዘለትን እንቅስቃሴ አላደረገም» ብሎ አሰናበተው። መተኛቱን ያዘዘው ወረቀትና በመተኛቱ የቀጣው ወረቀት በአንድ መዝገብ ውስጥ ተያይዘው ይገኛሉ፤ በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የአንድ ሰው ነው።

ገርባ የተወለደው በአርሲ ነገሌ ዙሪያ ካለ የገብስ ገበሬ ቤት ነው። ከወንድሞቹ ጋር የሚካፈለው መሬት ለአራት አይበቃምና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከወለንጪቲ ማዶ፣ በአዋሽ ውሃ ወደሚለማ አንድ የሸንኮራ እርሻ መጥቶ ቆራጭ ሆነ። ሸንኮራ መቁረጥ ላላየው ሰው የክንድ ሥራ ይመስለዋል። ቆራጩ ግን ግራ እግሩን አጠፍ አድርጎ ወደፊት ይተክላል፤ ወገቡን ሰብሮ አገዳውን ከአፈሩ እኩል ይመታል፤ ከዚያ ቀና ሲል የገላውን ክብደት ሁሉ የሚያነሳው ያ የተተከለ ጭን ነው። ይህን በቀን ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል። ገርባ አሥራ ሁለት ወቅት እንዲህ ሲነሳና ሲጎነበስ ኖሮ፣ የግራ ጭኑ ከቀኙ ይልቅ እንደሚወፍር ጓደኞቹ እየነካኩ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ቀልድ አያጣም። «እኔ የቆረጥኩትን አዲስ አበባ በሻይ ትጠጣዋለች» ይላቸው ነበር፤ «አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ አታውቅም»።

ጥቅምት 18 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ አጨዳው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ አገዳ የጫነ ተጎታች ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ብረቱ የገርባን ግራ ቅልጥም መታው። ናዝሬት ወደሚገኝ ሆስፒታል ተወሰደ፤ እግሩ ከብሽሽቱ እስከ ጣቶቹ ጀሶ ታሰረ። ጥር 16 ቀን ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ በደንብ ገጥሞ ተገኘ። ገርባ ግን ከጀሶው ውስጥ የወጣውን እግር አይቶ ደነገጠ። ቆዳው ተጨማድዷል፤ ባቱ ተንጠልጥሏል፤ ጭኑ የአንድ ልጅ ጭን አክሏል።

«ሲስተር፣ ይህ የማን ነው?» አለ።

ሲስተር ፀሐይቱ በሆስፒታሉ ከስብራትና ከሽባነት የሚያገግሙ ሰዎችን የምታለማምድ ነርስ ነበረች። በመለኪያ ሜትር ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ሁለቱንም ጭኖች ለካች። ቀኙ አርባ ሰባት ሳንቲሜትር፣ ግራው አርባ ተኩል።

«ያንተው ነው» አለችው። «ሦስት ወር ሥራ አጥቶ ነው እንዲህ የሆነው። ጡንቻ እንደ አጥንት ተቀምጦ አይጠብቅህም፤ ካልሠራህበት ሰውነትህ ራሱ አፍርሶ ለሌላ ያውለዋል። የተራበ ሰው ጡንቻው ይመነምናል፤ ትኩሳት የከረመበት ይመነምናል፤ ነርቩ የተቆረጠበት ይመነምናል። አንተ ነርቭህ ደኅና ነው። አውራ ጣትህን አንቀሳቅስ እስቲ፤ ይኸው! ያንተን ያመነመነው መተኛት ብቻ ነው፤ መድኃኒቱም መነሳት ነው።»

«መርፌ የለውም?»

«የለውም።»

«እንክብልስ?»

«ምንም የለውም አልኩህ እኮ።»

«እንግዲያ የእርሻችን ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አያምንበትም» አለ ገርባ፤ «መርፌ የሌለው በሽታ እዚያ ሕመም ተብሎ አይጻፍም።»

ሳቀች። ያ ሳቅ በኋላ ከብዙ ነገር ይልቅ እንደ ቆጫት ራሷ ተናግራለች። የዚያን ዕለት ግን በካርድ ላይ በግልጽ የእጅ ጽሑፍ ሁሉንም ጻፈችለት፦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የአሸዋ ከረጢት አስሮ፣ ጉልበቱን ጠዋትና ማታ አርባ አርባ ጊዜ እንዲዘረጋ፤ አሸዋውን በየሳምንቱ እንዲጨምር፤ ደረጃ እንዲወጣ፤ በየቀኑ እንዲራመድ፤ ቢችል ሶደሬ ወርዶ በሞቀው ውሃ ውስጥ እንዲቆም፣ ውሃ ክብደት ስለሚያቀል፤ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት ከተገኘም እንዲመገብ። ከታች ቀኑንና ስሟን አኖረች። በቃልም እንዲህ አለችው፦ «በሦስት፣ በአራት ወር አብዛኛው ይመለሳል። ተኝተህ ከከረምክ ግን ጉልበትህም ታጥፎ ይደርቃል። ያኔ እኔም አልመልሰውም።»

የእርሻው የሕክምና ቦርድ በነሐሴ ይሰበሰባል። እስከዚያ እግሩ ከጠነከረ ገርባ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ ካልጠነከረ ከሥራውም ከእርሻው ቤትም ይወጣል። ስድስት ወር ተኩል ነበረው፤ የሚያስፈልገው ደግሞ ከአራት ወር አይበልጥም ነበር።

በዚያ ዓመት በእርሻው ሌላ ሕግ ይሠራበት ነበር። ስኳር በዘመቻ እንዲመረት ታዟል፤ የሕመም ፈቃድ በዝቷል ተብሎ አንድ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኮሚቴውም ባለ ዘጠኝ አንቀጽ መመሪያ አውጥቷል። አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ በቁጥጥር ጊዜ በአልጋው ላይ ተኝቶ መገኘት አለበት፤ ቆሞ ወይም ሲንቀሳቀስ የተገኘ እንደ ዳነ ይቆጠራል።» ለእውነት ሲባል፣ አንቀጹ ከባዶ አልመጣም፤ ፈቃድ ወስደው ወለንጪቲ ገበያ በርበሬ ሲነግዱ የተገኙ ነበሩ። ግን አንቀጹን የጻፉት ሰዎች ሕመም ሲባል ወባን ብቻ ያውቁ ነበር። የታመመ ይተኛል፤ የተነሳ ድኗል፤ ከዚህ ውጭ ሌላ ዓይነት ታማሚ ሊኖር እንደሚችል አልታያቸውም። የሚያውቅ ሰውም አልጠየቁም።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አብተው ይባላል፤ ቀድሞ የቆራጮች ካቦ ነበር። የካቲት 5 ቀን ረፋዱ ላይ ከሁለት አባላት ጋር የገርባን በር ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ። ገርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በአሸዋ የተሞላ የካልሲ ከረጢት ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ እግሩን ይዘረጋል፤ ሚስቱ አበዛሽ ከጎኑ ቆማ ትቆጥርለታለች። ሃያ ሰባት ላይ ደርሳ ነበር።

«ምን እየተደረገ ነው?» አለ አብተው።

«እግሬን ፊደል እያስቆጠርኩት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ገርባ። «ሦስት ወር ቢተኛ የተማረውን ሁሉ ረሳ።»

ከአባላቱ አንዱ ሳቀ። አብተው አልሳቀም።

«አሸዋ የሚያነሳ እግር ሸንኮራ ይቆርጣል።»

«አሸዋው ሁለት ኪሎ ነው፤ እኔ ሰባ ኪሎ ነኝ። ሲችልልኝ እኔው ራሴ እመጣለሁ። ይኸው፣ ሲስተሯ የጻፈችልኝ።» ካርዱን ከፍራሹ ሥር አውጥቶ ሰጠው።

አብተው ካርዱን እስከ መጨረሻው አነበበ። ማንበብ ይችላል፤ ይህ መታወቅ አለበት። «ሲስተሯ የእርሻው ሠራተኛ አይደለችም» አለ። ካርዱን በብብቱ ሥር ከያዘው ፋይል ውስጥ ከተተው። «ወይ ነገ ገጀራህን ይዘህ መስመር ላይ ትገኛለህ፣ ወይ ትተኛለህ። ከሁለት አንዱ ነው።»

ገርባ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አበዛሽ ቀደመችው።

«ይተኛል! ይተኛል፣ ጌታዬ። እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

«ጓድ ነው የሚባለው፣ ጌታዬ አይደለም።»

«ጓድ ጌታዬ፣ እኔ ዋስ ነኝ።»

በፋይሉ ላይ አውራ ጣቷን አስነኳት። ወጥተው ሲሄዱ ገርባ «ምነው አበዛሽ?» አላት። እሷም «ነገ በዚህ እግር ቆመህ ስትወድቅ ልይ?» አለችው። የፈራችው ያንን ነበር፤ ፍርሃቷም ትክክል ነበር። ግን አበዛሽ ያደገችው ዋስትና ያፈረሰ ሰው ለቅሶ እንኳ በማይጠራበት አገር ነው። ቃሏን ለአብተው የሰጠችው ከፍርሃት ነበር፤ የጠበቀችው ግን ቃል ስለሆነ ነው። በማግስቱ የአሸዋውን ከረጢት ደጅ ደፋችው።

ከዚያ በኋላ ገርባ ተኛ። ወጉም ረዳው፣ «ረዳው» ከተባለ። ጎረቤት በተራ ይጠይቀዋል፤ ጠያቂ ሲመጣ በሽተኛ ቢነሳ ያሳፍራል፤ ቀና ሲል «ተው! ተው!» ብለው ትከሻውን ይዘው ያስተኙታል። ደግነታቸው አይጠረጠርም። ከጎን ያለው ቤት የሚኖረው ሰብስቤ፣ እሱም ቆራጭ ነው፣ ከመስመር ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ሰው፣ እንዲህ የሚያሳርፍ ስብራት የት ነው የሚገኘው?» ይለዋል። «ናልኝና እንለዋወጥ» ይለዋል ገርባ። አበዛሽ ለራሷ ጦሟን እያደረች ባቄላውን ቀቅላ፣ እንቁላሉን ለምና አበላችው። ምግብ ግን ያለ ሥራ ጡንቻ አይሆንም፤ ሆዱ ሲነፋ ጭኑ ከሳ። በብርድ ልብሱ ሥር ጭኑን እየወጠረ ይለቅቅ ነበር፤ ሲስተሯ ያንንም አሳይታዋለች። ከምንም ይሻላል፤ ሰባ ኪሎ የሚያነሳ እግር ግን ከዚያ አይገኝም።

በመጋቢት መጨረሻ አበዛሽ ገላውን ስታጥበው እጇን በጭኑ ዙሪያ አሳለፈች። አውራ ጣቶቿ ሊገናኙ ደርሰዋል። ውላ አድራ፣ «ሚያዝያ ሃያ ሦስት የሠራተኞች ቀን ነው» አለችው፤ «ኮሚቴው በሙሉ ናዝሬት ሰልፍ ይወጣል፤ ከካምፑ የሚቀር የለም። ሶደሬ እወስድሃለሁ።»

«ዋስትናሽስ?»

«ለአንድ ቀን እግዜር ይያዝልኝ።»

የጭነት መኪና ለምነው ተሳፍረው ሄዱ። ከፍል ውሃው ሆቴል በታች፣ ሕዝቡ በሚታጠብበት በኩል፣ ገርባ ትከሻዋን ይዞ ውሃው እስከ ደረቱ ወደሚደርስበት ገባ። ውሃው ሲያነሳው ቀኙን አጥፎ በግራው ብቻ ቆመ። ስድስት ወር ያልቆመበት እግር ነው። «ቁጠሪ!» አላት። ቆጠረች። ዝቅ ብሎ ተነሳ፤ እንደገና ዝቅ ብሎ ተነሳ። «አየሽው? ያውቀኛል! አልረሳኝም!» እያለ እንደ ሕፃን ጮኸ። ከሰዓት በፊት ሦስት ጊዜ ገባ፤ ጉልበቱ ጠዋት ከነበረው ይልቅ ተዘረጋ።

አበዛሽ ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። የሰልፉ ሥነ ሥርዓት ሲያልቅ፣ በምርት ዘመቻው «ግንባር ቀደም» ለተባሉት የኮሚቴ አባላት የተሰጠው ሽልማት በእርሻው አውቶቡስ የሶደሬ ሽርሽር ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ አብተው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ፎጣ በትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ውሃው ዳር መጣ።

«ገርባ! አልጋህን እዚህ አዛወርከው እንዴ?» አለ። ከኋላው ያሉት በሳቅ ፈነዱ።

ገርባ አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር። «ይግቡ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለው፤ «ፍራሹ ሰፊ ነው።»

አበዛሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

በአራተኛው ቀን በእርሻው መጋዘን ስብሰባ ተጠራ። ገርባ «በሕመም ስም ምርት በማደናቀፍ» ተከሰሰ፤ ይህ ክስ በዚያ ዘመን ሰውን ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ከተሰብሳቢው የማያውቅ አልነበረም። ግለ ሂስ እንድታደርግ መጀመሪያ የተነሳችው ዋሷ ነበረች። «ዋስ ሆኜ አፈረስኩ» አለች አበዛሽ፣ መሬት መሬት እያየች። «ከእንግዲህ አይነሳም።» ገርባ «ካርዴ ይነበብ» ብሎ ጠየቀ። አብተው «ካርዱ በመዝገብ ነው» አለ፤ አልተነበበም። ውሳኔው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ታልፏል፤ እስከ ቦርዱ ድረስ ተኝቶ ይቆያል፤ ጎረቤቱ ሰብስቤ በቀን ሁለት ጊዜ እያየ መተኛቱን በፊርማው ያረጋግጣል።

ሰብስቤ መቀለዱን አቆመ። ይገባል፤ ያያል፤ ይፈርማል፤ ይወጣል። አንድ ቀን ገርባ «እስቲ ዛሬ ዓይንህን ጨፍነህ ፈርም» ብሎ ለመነው። ሰብስቤ «አምስት ልጅ አለኝ፣ ኦቦ ገርባ» አለው። ገርባ ዳግመኛ አልለመነውም። ከግንቦት እስከ ነሐሴ በዚያ ወረቀት ላይ አንድ መቶ ዘጠና ስድስት ፊርማዎች አሉ፤ አንድም ቀን አልተዘለለም።

ቦርዱ ነሐሴ 12 ቀን ተሰበሰበ፦ ከእርሻው ውጭ የመጣ አንድ ሐኪም፣ የአስተዳደር ተወካይ፣ ጸሐፊውም አብተው። ሐኪሙ ለካ። ግራ ጭን ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር፤ ጥር ላይ ጀሶ ሲፈታ ከነበረው በአምስት ተኩል የቀነሰ። ጉልበቱ ታጥፎ ደርቋል፤ በእጅ ሲጫኑትም አይዘረጋም። ሐኪሙ መዝገቡን ገለጠና የሲስተር ፀሐይቱን ካርድ አገኘ።

«ይህ ተነግሮህ ነበር?» አለው።

«ተነግሮኝ ነበር፣ ዶክተር።»

«ለምን አላደረግከውም?»

ገርባ ወደ አብተው አየ። «እሳቸውን ጠይቁልኝ። ሳደርገው ነው የተከሰስኩት።»

አብተው ከሚጽፍበት ቀና አላለም። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ ከበር ውጭ አሥራ አራት ሰዎች ይጠብቁታል። «ይህ የሕክምና ቦርድ ነው፤ የክስ ጉዳይ ወደ አስተዳደር ይቅረብ» አለ። ከአስተዳደር የመጣው ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ሠራተኛው የታዘዘለትን የአካል እንቅስቃሴ በራሱ ቸልተኝነት ስላላከናወነ የደረሰበት የእግር መመንመን ከሥራ የመጣ ጉዳት ሆኖ አልተገኘም። ያለ ጡረታ መብት ይሰናበት፤ ቤቱንም በሠላሳ ቀን ውስጥ ያስረክብ።» የሰብስቤ ፊርማዎች ከቃለ ጉባኤው ሦስት ገጽ ብቻ ቀድመው ታስረዋል። ወደ ኋላ የገለጠ የለም።

ገርባና አበዛሽ ናዝሬት ገቡ። እሱ በገበያው ጥግ ተቀምጦ ቢላዋና መቀስ ይስላል፤ እሷ ለሰው ልብስ ታጥባለች። በ1975 ዓ.ም. ሲስተር ፀሐይቱ ቢላዋ ልታስል መጥታ አወቀችው። እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክካ ጉልበቱን ፈተሸች። ጡንቻው በብዙ ድካም ጥቂት ሊመለስ እንደሚችል፣ የደረቀው መገጣጠሚያ ግን ከቀዶ ሕክምና በቀር እንደማይዘረጋ፣ እሱንም የሚሠራ በከተማው እንደሌለ ነገረችው። «ካርዱን ለአንተ ሰጠሁህ እንጂ ለእርሻው ደብዳቤ አልጻፍኩም» አለች። «አንድ ደብዳቤ ብቻ ይበቃ ነበር።»

«ካርዱንስ አንቺ መች ሰጠሻቸው? እኔ ነኝ በእጄ ያስረከብኩት» አላት ገርባ።

አበዛሽ ይህን ጉዳይ ሰው ሲያነሳባት ትወጣለች። ገርባ አንድም ቀን አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ዋስ ነኝ ያለችበትን ጠዋት እስከ ዛሬ ራሷን ትከስስበታለች። ሰብስቤም ወደ ናዝሬት ሲመጣ በገበያው በሌላ በኩል ዞሮ ያልፋል። ሲስተሯ፣ አበዛሽና ሰብስቤ ሦስቱም እንዲህ ሲጸጸቱ ይኖራሉ። አብተው በ1973 ዓ.ም. የእርሻው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆነ።

ገርባ ሦስት ጊዜ አቤት ብሏል። በመስከረም 1972 ዓ.ም. ላቀረበው፣ ጉዳዩ በቦርድ ስላለቀ እንደማይታይ ተጽፎ ተመለሰለት፤ የፈረመው የቦርዱ ጸሐፊ አብተው ነው። በ1976 ዓ.ም. የሲስተር ፀሐይቱን የምስክርነት ቃል አያይዞ ላቀረበው፣ ማመልከቻው ለሚመለከተው ክፍል መመራቱ ተገለጸለት፤ የሚመለከተው ክፍል የሠራተኛ አስተዳደር ነው። ሦስተኛውን በ1980 ዓ.ም. አቀረበ። መድረሱን የሚያረጋግጥ ማኅተም ተደረገበት እንጂ መልስ አልተሰጠበትም። አራተኛው አንቀጽ አልተሰረዘም። የነሐሴ 12ቱ ውሳኔ አልተሻረም። ገርባ ነጋሳ በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል።